ጨው የማይበላው አንቴና

በጅቡቲ ከተማ ሐምሌ ሲገባ ከምዕራብ በኩል ኸምሲን የሚባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ይነሣል። የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ሰው ከቀትር በኋላ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ውሻው እንኳ ጥላ ፍለጋ ከመኪና ሥር ይገባል። ይህ ጸሐፊ በ2016 ዓ.ም. ለሥራ ወደዚያች ከተማ ሄዶ ለጥቂት ወራት በተቀመጠበት ቤት ጣራ ላይ፣ እንዲህ ባለው ቀን፣ በገዛ እጁ የሠራው የራዲዮ አንቴና ድምፅ መስጠቱን አቁሞ አገኘው።

ቤቱ የአንዲት ኢትዮጵያዊት እመቤት ነው። ባለቤታቸው ወደ ጅዳና ወደ ሌሎችም ወደቦች በሚመላለስ የጭነት መርከብ ላይ በሞተር ክፍል ይሠራሉ። እትዬ፣ በቤቱ የነበርነው እንግዶች ሁሉ በዚህ ስም እንጠራቸው ነበር፣ ሃያ ዓመት ያህል የመርከበኛ ሚስት ሆነው ስለኖሩ መጠበቅን የለመዱ ሰው ናቸው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚያልፉ የንግድ መርከቦች ላይ ከየመን ጥቃት መሰንዘር ሲጀመር፣ መጠበቁ ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2024 ትሩ ኮንፊደንስ የተባለችው የጭነት መርከብ በሚሳይል ተመትታ 3 መርከበኞች ሲሞቱ፣ የተረፉትን የሕንድ ባሕር ኃይል መርከብ አንሥታ ያመጣቻቸው ወደዚያው ወደ ጅቡቲ ነበር። እትዬ ይህን ከሰሙ በኋላ ራዲዮናቸውን ከመኝታ ቤት ወደ ማዕድ ቤት አዛወሩት።

«ዛሬ የመርከብን ጉዞ በእጅ ስልክ መከታተል ይቻል የለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በእርግጥ ይቻላል፤ መርከቦች ስማቸውንና ያሉበትን ቦታ በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርዝ በመሣሪያ እያስተላለፉ ይጓዛሉና። ዳሩ ግን በነዚያ ወራት ብዙ መርከቦች ባብ ኤል መንደብን ሲያልፉ ዒላማ እንዳይሆኑ በማሰብ መሣሪያውን ያጠፉት ነበር። በስልኩ ካርታ ላይ ነጥቧ ትጠፋለች። ነጥብ ስትጠፋ በቤት ያለች ሚስት ምን እንደምታስብ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ አስቀድሞ የሚመጣው የሰው ድምፅ ነው፤ መርከቧ ወደ ወደቡ ስትቃረብ ስሟን እየጠራች ከመቆጣጠሪያው ጋር ትነጋገራለች። ስካነር የሚባለው ቃኚ ራዲዮ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የተሰጡትን ሞገዶች አንድ በአንድ እየዳሰሰ ያልፋል፤ ድምፅ ካገኘበት ላይ ይቆማል። ከሁሉም የሚበልጠው 16ኛው የባሕር መሥመር ነው፤ በ156.8 ሜጋኸርዝ ላይ የሚገኝ የመጥሪያና የአደጋ መሥመር ሲሆን በየትኛውም ባሕር አንድ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የኢጣሊያና የቻይና የጦር ሠፈሮች የሚገኙባት ከተማ ስለሆነች፣ ጣራ ላይ ሽቦ ሲተክል የታየ ሰው መጠየቁ አይቀርም። የእትዬ ባለቤት ራዲዮኑን ያስገቡት በፈቃድ ነው። በአገራችንም ቢሆን እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከመግዛት በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ፣ የሰሙትንም በየቡናው ላይ አለመንዛት ተገቢ ነው።

ራዲዮኑ ጥሩ ነበር፤ የጎደለው አንቴና ነው። ከራዲዮኑ ጋር የመጣችው አጭር ዘንግ በግንብ ቤት ውስጥ ከወደቡ አልፋ አትሰማም። ይህ ጸሐፊ በአካዳሚ የመገናኛ ትምህርት የወሰደ መኮንን እንደመሆኑ መጠን «ይህን እኔ እሠራዋለሁ» አለ፤ ቀመሩንም ያውቀዋል። 300 በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ድግግሞሽ ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይገኛል። 300 ለ156.8 ሲካፈል 1.91 ሜትር ይሆናል፤ የዚህ ሩብ 47.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የዘንጉ ውፍረትና ጫፍ ስለሚያስረዝሙት 5 በመቶ ያህል ይቀነስለታል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዘንግ 45.4 ሴንቲ ሜትር ነው። አውሮፕላኖች የሚነጋገሩበትን ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለውን ክፍል ለሚሻ 56 ሴንቲ ሜትር ይሆንለታል።

ከቀጥታው ዘንግ ግርጌ እንደ ጃንጥላ አጥንት ወደታች የተዘረጉ 4 ዘንጎች አሉ፤ እነዚህ በመሬት ፈንታ ያገለግላሉ። ወደ 45 ዲግሪ ዘንበል የሚደረጉትም ያለ ምክንያት አይደለም። አግድም ቢዘረጉ የአንቴናው ተቃውሞ ወደ 36 ኦም ሲሆን፣ ዘንበል ሲሉ ወደ 50 ኦም ይጠጋል፤ ብዙ ራዲዮኖችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ይህን ዓይነት አንቴና እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ በአር.ሲ.ኤ. ኩባንያ ያወጣው ጆርጅ ብራውን የሚባል መሐንዲስ ነው። እርሱ 2 የግርጌ ዘንጎች ይበቃሉ ብሎ ነበር ይባላል፤ ገዢዎች ግን «በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰማም» ብለው እንዳይጠራጠሩ ሌላ 2 ተጨመሩ። የመሐንዲሱን ሥራ ነጋዴው ሲያርመው ይህ የመጀመሪያው አይመስለንም።

የመጀመሪያው አንቴና በሚያዝያ ወር ተተከለ። ዘንጎቹ ዚንክ የተቀባ የብረት ሽቦ ነበሩ፤ ገመዱ ነጭ የቴሌቪዥን ገመድ፤ መጋጠሚያው ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ። በዚያው ማታ የመርከቦች ድምፅ ማዕድ ቤቱን ሞላው። ጸሐፊውም የኮራ መስሎ እንዳይታይ እየተጠነቀቀ ኮራ።

በሐምሌ ወር ራዲዮኑ መንሾካሾክ፣ ቀጥሎም መዝጋት ጀመረ። ጸሐፊው ሥራ በዝቶበት «ነገ አየዋለሁ» ሲል ሦስት ቀን አለፈ። በነዚያ ቀናት የእትዬ ባለቤት መርከብ ደርሳ ተራ እስኪደርሳት ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥላ ሁለት ሌሊት አድራ ነበር። ከስልኩ ላይ ነጥቧ ከጠፋች ግን አራት ቀን ሆኗታል። ከቤቱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ በሰላም የቆመችውን መርከብ እትዬ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ሌሊት ባሕር ላይ እንደጠፋች አድርገው ጠበቋት። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ሻንጣቸውን ይዘው በበሩ ሲገቡ፣ እትዬ ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ጸሐፊው ያን ጊዜ የት እንደሚቆም አላወቀም።

አንቴናውን አውርደን መረመርነው። በሽቦው ላይ ዚንኩ በየቦታው አልቆ ብረቱ ዝጓል። የገመዱ ነጭ ሽፋን በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ገመዱን ስንቆርጠው የውስጡ የመዳብ ጥልፍ አንድ ክንድ ያህል ጠቁሮና አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃ ከመጋጠሚያው ገብቶ በጥልፉ ውስጥ ተስቦ ወርዷል። የባሕር እርጥበት ጨው ይዞ በሌሊት ያርፋል፤ ቀን ይደርቃል፤ ጨው ግን ይቀራል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ባሉበት ላይ ጨዋማ ውሃ ሲያርፍ እንደ ባትሪ ይሆንና ደካማውን ብረት ይበላዋል። ዚንክና ብረት ከመዳብ ጋር የተጋጠሙበት ያ ቦታ በጅቡቲ አየር ሦስት ወር እንኳ መቆየቱ የሚያስደንቅ ነው።

እትዬ ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ቆይተው ወደ ማዕድ ቤት ገቡና የናስ ሙቀጫቸውን ይዘው ወጡ። «መቶ አለቃ፣ ይኸን ከድሬዳዋ ሳመጣው ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አረንጓዴ ይለብሳል እንጂ አያልቅም። ቢላዋዬን ግን በየዓመቱ እገዛለሁ። እርስዎ የሠሩት ከቢላዋው ወገን ነው» አሉ። የሁለተኛው አንቴና እቅድ በዚህ ንግግር አለቀ።

ናስ በዘንግ መልክ ከወዴት ይገኛል? ከጋራዥ ነው። በያጆች ለናስ ብየዳ የሚጠቀሙባቸው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ዘንጎች አሉ፤ 3ቱ ይበቃሉ። ከማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ገበያ አካባቢ ከእትዬ ጋር ሄደን ገዛን፤ ዋጋውን የተከራከሩት እርሳቸው ናቸው። ከሦስቱ ዘንጎች አንድ ባለ 45.4፣ አራት ደግሞ 48 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ይቆረጣሉ። መሠረቱ ኤስ ኦ 239 የሚባለው በአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ያለው የአንቴና ሶኬት ነው። ቀጥተኛው ዘንግ በሶኬቱ መካከል በስታኞ ይበየዳል፤ አራቱ ጫፋቸው በፒንሳ ቀለበት ሆኖ በማይዝግ ብረት ብሎንና ዳዶ ይታሰራሉ፤ ከዚያም በስታኞ ይጠናከራሉ። ብሎን ብቻውን አይበቃም፤ ጨው በመካከሉ ይገባል። የዘንጎቹ ጫፍ ሁሉ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ ክብ ይሁን፤ ርዝመቱም እስከ ክቡ ጫፍ ይለካ። በበጋ ሌሊት ልጆች ጣራ ላይ በሚተኙበት አገር ሹል ዘንግ በዓይን ቁመት መተው አይገባም።

ስለ ገመዱ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለመስማት ብቻ እስከሆነ ድረስ 75 ኦም የሆነው የቴሌቪዥን ገመድ በደንብ ያገለግላል፤ እንዲያውም አር ጂ 58 ከሚባለው ቀጭን የራዲዮ ገመድ ያነሰ ኃይል ያባክናል። ቀጭኑ በ10 ሜትር ርዝመት ላይ በዚህ ሞገድ ከሲሶ በላይ የሆነውን ኃይል ያስቀረዋል። ነገር ግን ሽፋኑ ጥቁር ይሁን፤ ነጩን ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። የውስጡ ጥልፍም መዳብ ይሁን፤ አሉሚኒየም የሆነው ስታኞ አይዝለትም።

መድፈኑ ከብየዳው የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሶኬቱ ላይ ያለው ብየዳ ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ተደባልቆ በሚደርቀው ኢፖክሲ ይሸፈን። ሲሊኮን የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ያሽተው፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አሲድ ስለሚያወጣ መዳብንና ናስን ይበላል። ቫዝሊንም አይሆንም፤ በዚያ ፀሐይ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ከሥር ያለው የገመዱ መጋጠሚያ በመጀመሪያ በላስቲክ ናስትሮ፣ በላዩ ላይ በጥቁሩ ናስትሮ ይጠቅለል። አጠቃለሉ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ እንደ ቆርቆሮ ጣራ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረብና ውሃው ይንሸራተታል። ጸሐፊው በመጀመሪያው ጊዜ ከላይ ጀምሮ ነበር። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ተመልሶ ይውጣ፤ ጠብታው ከጎንበሱ ላይ ይወድቃል እንጂ ራዲዮኑ ድረስ አይመጣም።

ከፍታ ደግሞ ሌላው ነገር ነው። ይህ ሞገድ እንደ ዓይን ቀጥታ ስለሚሄድ የምድር ክበት ይጋርደዋል። በሜትር የተለካውን ከፍታ ሥሩን አውጥቶ በ4.1 ማባዛት በኪሎ ሜትር ርቀቱን ይሰጣል። 9 ሜትር ላይ ያለ አንቴና እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያያል፤ አንቴናዋ በ25 ሜትር ላይ ያለ መርከብ ደግሞ ከራሷ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ስለምታይ፣ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ሳሉ ይደማመጣሉ። በሞቃቱ ወራት በባሕሩ ላይ የሚረጋው አየር ሞገዱን እያጎነበሰ ከዚህ ርቆ የሚሰማበት ቀን አለ፤ በዚያ ግን ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህም አንቴናው የማይደርስበት ብዙ አለ። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ከየመን የሚመለሱ ወገኖቻችንን የጫነች ጀልባ ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶሪያ በተባለው ስፍራ ስትገለበጥ ሕፃናት ጭምር 38 ሰዎች ሞቱ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው አካባቢ ሌላ ጀልባ ተገልብጣ ከ20 በላይ ሞቱ። ኦቦክ ራሷ ከጅቡቲ ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ድምፅ ማሰሚያ ራዲዮ ባልተጫነበት ጀልባ ላይ የሚሆነውን የሚሰማ አንቴና ደግሞ በየትኛውም ከፍታ አይተከልም።

ምሰሶው ከኤሌክትሪክ ሽቦ ከቁመቱ እጥፍ ያህል ይራቅ፤ ሲወድቅ እንዳይነካው። በደጋው አገር ያላችሁ፣ ዝናም ሲያጉረመርም ገመዱን ከራዲዮኑ ንቀሉት። በጅቡቲ መብረቅ እምብዛም ነው፤ ዝናሙም እንዲሁ፤ ስለዚህ ጨውን የሚያጥብ የለም። እትዬ በየወሩ ግማሽ ጆግ የመጠጥ ውሃ ይዘው ጣራ ይወጣሉ፤ አንቴናውን ያጥባሉ።

አዲሱ አንቴና በነሐሴ መጀመሪያ ቆመ። ጸሐፊው ወደ አገሩ ሊመለስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ግድም፣ ማዕድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ፣ የእኛ አገር አነጋገር በግልጽ በሚታወቅበት ድምፅ፣ የመርከቧን ስም ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጠራ። ጸሐፊው ተነሥቶ ሲሮጥ እትዬ ከሰል እያቀጣጠሉ ነበር። «ሰማሁ፣ ሰማሁ» አሉ፤ «ዶሮውን ከማረዴ በፊት ግን መቼ ከመርከብ እንደሚወርድ እስኪናገሩ እንጠብቅ።»