ወሊድና ክረምት በፎገራ

የፎገራ ሜዳ በክረምት ምን እንደሚመስል ለአካባቢው ልጅ አይነገርም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ፣ ጣናም ሲገፋ፣ በበጋ በእግር የሚኬደው መንገድ ታንኳ የሚጠይቅ ይሆናል። ምጥ ደግሞ ውኃ እስኪጎድል አይጠብቅም። ስለዚህ በእኛ አገር የወሊድ ዝግጅት ከቀን ቆጠራ ይጀምራል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የመጨረሻው የወር አበባ የታየበትን የመጀመሪያ ቀን ይዞ ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን መደመር ነው፤ ይኸውም 280 ቀን ነው። በመካከል ጳጉሜን ካለፈች ግን የሚደመረው ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ከ4 ቀን። እንግዲህ የወር አበባዋን ኅዳር 5 አይታ ከዚያ ወዲያ የቀረባት ሴት ቀኗ ነሐሴ 15 ላይ ያርፋል፤ ያውም ውኃው ሜዳውን በሚያለብስበት ሰሞን! ቀኑ ሁለት ሳምንት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላልና ምክሩ በሰኔ ማለቅ አለበት። ነሐሴ ከገባ በኋላማ ምን ይመከራል? ቃሬዛ ተሸካሚ ፍለጋ ብቻ ነው።

ለዚህ የታሰበው ቤት የእናቶች ማቆያ ይባላል። በአገራችን ከቀደሙት አንዱ በጉራጌ በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ተከፈተ፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሳይደርስ ቀድማ ገብታ አዋላጅ አጠገብ ትሰነብታለች። ታዲያ ለምን እምቢ ይላሉ? «ማን እንጀራ ይጋግራል? ልጆቹን ማን ያያል?» ነው መልሱ። እውነታቸውን ነው። ስለሆነም የሚዘጋጀው የሴቲቱ ሆድ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ሁሉ ነው፤ ባልየው ሊጥ ማቡካት ባይችል እንኳ ጎረቤት ለምኖ፣ ገንዘብ ቋጥሮ፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ ለይቶ መጠበቅ ይችላል። በኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል የሚለው ልማድም መልካም ነው፤ ቁም ነገሩ አይዞሽ ባይ ማግኘት ነውና። የእናት ቤት ከወንዝ ማዶ ከሆነ ግን እናትየዋ የገንፎ እህሏን ይዛ ወደ ማቆያው ትምጣ።

በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱት እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። የቀሩት ቤት ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ደግሞ በጥቂት ሰዓት ይገድላል። ጎርፍ ያገደው አምቡላንስ አይደርስበትም።

ስለ አራስ ቤትም አንድ ነገር አለ። የፎገራን ላም የሚያረባ ገበሬ ጥጃው እንገር ሳይጠባ እንዲቀር አይፈቅድም፤ ለገዛ ልጁ ሲሆን ግን ያ ቢጫ ወተት ታልቦ ይደፋና ሕፃኑ ቅቤ ይላሳል። ኧረ ልጅ ከጥጃ ያንሳል እንዴ! በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወር ውኃም ቅቤም አያስፈልገው። ውኃው ሲሸሽ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ወባ ይበረታልና አራስና ሕፃን አጎበር ውስጥ ይተኙ። አራስ ብቻዋን አትተው የሚለውን የአያቶቻችንን ሥርዓት አጥብቁ፤ ሐኪምም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ደም ቢበዛባት፣ ራሷን ክፉኛ ቢያማት፣ ዓይኗ ቢፈዝ ወይም ልቅሶና ጭንቀት ቢጸናባት ፈጥኖ የሚያየው አጠገቧ ያለ ሰው ነው።

እጩ መምህራን ሆይ፣ ናበጋ ወይም ሽና ብትመደቡ የሰው ሚስት ቀን መጠየቅ አይገባችሁም። ነገር ግን የአምስተኛ ክፍል ሂሳብ ስታስተምሩ 280ን በወር አካፍሉት፤ የጳጉሜንን ነገር አትርሱ፤ ልጆቹ ወደየቤታቸው ይዘውት ይገባሉ።