የንፍፊት እብጠት ሁሉ ቲቢ አይደለም

በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወባን የሚመረምሩት ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደምና በአንዲት ትንሽ መመርመሪያ ነው። ውጤቱን የሚያሳየው መስመር የሚወጣው «ሞኖክሎናል አንቲቦዲ» በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ነው። ይህ ዓይነቱ ፕሮቲን ሊምፎማ የተሰኘውን የንፍፊት ካንሰር ለመለየትም ያገለግላል።

በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት የሚወጣ ንፍፊት በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከቲቢ ጋር ነው። ሊምፎማም እንደ ቲቢ ሁሉ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ስለሚያስከትል አንዱ በሌላው ሊሳት ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ግን ሊምፎማን አይፈውስም፤ መድኃኒቱ በሚወሰድባቸው ወራት ካንሰሩ ሊስፋፋ ይችላል።

አብዛኞቹ የሊምፎማ ዓይነቶች የሚነሡት ቢ ሴል ከተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። የዚህ ሕዋስ ተግባር ወደ ሰውነት የገባን ጀርም ለይተው የሚይዙ አንቲቦዲዎችን ማመንጨት ነው። ችግሩ ቢ ሴልና ቲ ሴል የተባለው ሌላው ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መመሳሰላቸው ነው።

የመለያውን መንገድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ ካምብሪጅ የተገኘ ዘዴ ነው። ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን የአይጥን ቢ ሴል ያለማቋረጥ ከሚራባ የካንሰር ሕዋስ ጋር በማዋሐድ፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚያመርት ሕዋስ ፈጠሩ። በ1984 ከኒልስ ጄርን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ዛሬ አንደኛው አንቲቦዲ በቢ ሴል ገጽ ላይ ያለውን «ሲዲ 20» ሲለይ፣ ሌላው የቲ ሴልን «ሲዲ 3» ይለያል። ባለሙያው ከንፍፊቱ የተወሰደውን ሥጋ በስሱ ቆርጦ አንቲቦዲና ቀለም ሲያደርግበት፣ የሚፈለጉት ሕዋሳት ቡናማ ሆነው ይታያሉ። የሊምፎማው ዓይነት ሲታወቅ ሕክምናውም ይለያል፤ ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ራሱ በሲዲ 20 ላይ ያነጣጠረ አንቲቦዲ ነው።

ምርመራው በኢትዮጵያ በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ብቻ ስለሚሠራ፣ ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የሚወሰድ ናሙና እስከ አዲስ አበባ ሊጓዝ ይችላል። በፎርማሊን ካልተቀመጠ ደግሞ በሙቀት ይበላሻል። በመርፌ የሚቀዳ ናሙና ቲቢን ለማግኘት ቢጠቅምም የሊምፎማን ዓይነት ለመለየት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ንፍፊቱን የሚያወጡት ለዚህ ነው።

ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ ወይም እያደገ የሚሄድ ንፍፊት ያለበት ሰው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። መብጣትም ሆነ መተኮስ ጊዜ ከማባከን በቀር በሽታውን አያድንም። የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ ለውጥ ያላየ ታካሚም መድኃኒቱን በራሱ ሳያቋርጥ ተመልሶ ሐኪሙን ማማከር፣ የሥጋ ናሙና ያስፈልግ እንደሆነም መጠየቅ ይገባዋል።