ሞተር ሲለወጥ የመቀመጫዎቹን ቦታ ስለ መወሰን
በአነስተኛ የጭነት መኪና ላይ ሌላ ዓይነት ሞተር ሲገጠም፣ ተማሪዎች የሞተሩን መቀመጫዎች ከሻሲው ጋር ለመበየድ ይቸኩላሉ። ይሁንና ከብየዳው ይልቅ ለልኬቱ የበለጠ የትምህርት ጊዜ ሊመደብ ይገባል። በመጀመሪያ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር ተጋጥሞ ይንጠለጠልና ከመሪው፣ ከራዲያተሩና ከሻሲው መራቁ ይታያል። ከባዱ ጉዳይ የማዘንበሉ ልክ ነው። የካምቢዮው መውጫ ዘንግና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ዘንግ ትይዩ ካልሆኑ፣ በመካከላቸው ባለው ዘንግ ጫፎች ላይ ያሉት የሁለቱ ክሮቼራዎች የፍጥነት መዋዠቅ እርስ በርሱ አይካካስም፤ መኪናውም ይንቀጠቀጣል። በየክሮቼራው የሚፈጠረው ማዕዘን ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ፈጽሞ መጥፋቱም አይበጅም፣ ኩሽኔታዎቹ ሳይንከባለሉ በአንድ ቦታ ያልቃሉና። ልኬቱ የሚወሰደው መኪናው በገዛ ጎማዎቹ ቆሞ ነው፤ በክሪክ ተነሥቶ የተለካው ባሌስትራው ሲጫን ይለወጣል (ይህን መምህራንም ጭምር ሲዘነጉት አይተናል)። ከዚያ መቀመጫው በጥቂት የብየዳ ነጥቦች ተይዞ ዳግመኛ ይለካል፤ ሙሉው ብየዳ የሚከናወነው የጎማው ትራስ ከወጣ በኋላ ነው፣ ሙቀቱ ያበላሸዋልና።