ከመሳቢያ የወጣው የአባት ሰዓት

በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከድሮ ፎቶግራፎችና የምን እንደሆኑ ከማይታወቁ ቁልፎች ጋር፣ አንድ የቆመ የእጅ ሰዓት አይጠፋም። ሴኮ ፋይቭ ሊሆን ይችላል፤ ኦሪየንት፣ ሲቲዝን ወይም ሮመርም ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ሶቪየት ኅብረት ተምረው የመጡ ከሆነ ደግሞ ራኬታ ወይም ቮስቶክ ነው። ቺንጋው ተበጥሷል፣ መስታወቱ ተጭሯል፤ የአባት ወይም የአያት ስለሆነ ግን የሚጥለው የለም። ልጆች አንስተው ጆሯቸው ላይ ያስጠጉታል። ዝም ይላል።

አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ዘመን የእጅ ሰዓት ማሰር ቀላል ነገር አልነበረም። የእርሻ ትምህርት ቤቱ በ1939 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለመጣው መምህር፣ ለመንግሥት ሠራተኛውና ለነጋዴው ሰዓት የደመወዝና የማዕረግ ምልክት ነበር። ለሙሽራ ይሰጣል፣ ለተመራቂ ይሰጣል፣ ሲቸግርም መያዣ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ሴኮ አስትሮን የተባለውን ባለ ባትሪ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚሞላው ሰዓት እየተገፋ ሄደ፤ የቀረውን ሞባይል ጨረሰው። ከአምቦ እስከ ጉደር፣ ከጊንጪ እስከ ሆለታ፣ በመንገድ ዳር ከመስታወት ሣጥን ጀርባ ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚቀመጠው ሰዓት ሠሪ ዛሬ በአብዛኛው ባትሪ ቀያሪና ቺንጋ ሻጭ ሆኗል። አጠገቡ ያለው ወጣት ደግሞ ስልክ ይጠግናል።

በሌላው ዓለም ግን የቆየ ሰዓት መፍታትና መግጠም የብዙዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። እኛም ጋ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ቦታ አይፈጅም፣ ጫጫታ የለውም፣ አባትና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሰው ሊሠሩት ይችላሉ።

በመጀመሪያ ሰዓቱ ለምን እንደቆመ እንይ። “ከመጠን በላይ ተሞልቶ ቆመ” የሚለው አባባል በየቤቱ ይሰማል፤ እውነት ግን አይደለም። ሞላው ጥግ ደርሶ ሰዓቱ ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሞላው ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሳም ጎማዎችን ያሽከረክራል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ሚዛን ደግሞ ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰች ፍጥነቱን ትገድባለች። በብዙ የድሮ ሰዓቶች ሚዛኗ በሴኮንድ 5 ጊዜ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ ትመታለች። በቀን 432,000 መሆኑ ነው። በሰዓቱ ገጽ ላይ “17 ጁወልስ” ተብሎ የሚጻፈው ጌጥ እንዳይመስልዎ፤ ቀጫጭኖቹ የብረት ጫፎች የሚሽከረከሩባቸው፣ በፋብሪካ የተሠሩ የቀይ ዕንቁ ማረፊያዎች ቁጥር ነው። እነዚህ ማረፊያዎች ላይ ከመርፌ ጫፍ ያነሰ ዘይት ይቀመጣል። ዘመን ሲያልፍ ዘይቱ ይደርቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ እንደ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ ብዙው የቆመ ሰዓት የተሰበረ ሳይሆን የቆሸሸ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ዘይት የሌለውን ሰዓት “ይሠራል እንዴ?” እያሉ በየቀኑ እየሞሉ ማስኬድ ብረቱን ያስበላዋል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ትንንሽ ካቻቪቴዎች፣ ጫፉ የሾለ ወረንጦ፣ ማጉያ መነጽርና ነጭ ጨርቅ። ጨርቁ የሚነጠፈው የሚፈናጠር ዕቃ እንዲታይ ነው፤ የሰዓት ብሎን ወለል ላይ ከወደቀ ማግኘቱ ዘበት ነው። በአባትዎ ሰዓት ግን አይጀምሩ። ከሰዓት ሠሪው ዘንድ ለመለዋወጫ የተቀመጠ፣ ማንም የማይፈልገው አንድ አሮጌ ሰዓት ይግዙና እሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ፈትተው ይግጠሙ። በእያንዳንዱ እርምጃ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከመፍታትዎ በፊት የሞላውን ጉልበት ቀስ አድርጎ መልቀቅ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ጥርሶቹ በአንድ ጊዜ ተፈትልከው ይሰበራሉ። ማሽኑ የሚታጠበው በንጹሕ ቤንዚን ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ቡና ተፈልቶ ከሰል በጋመበት ክፍል ቤንዚን አይከፈትም። ዘይቱም የሰዓት ዘይት መሆን አለበት። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለጊዜው ያስኬደው ይሆናል፤ ብዙም ሳይቆይ ተንሸራቶ ከቦታው ይጠፋል።

ሚዛኗን የሚያወዛውዘው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ ከተጣመመ ግን ለባለሙያ መስጠት ነው። እሱን ማቃናት የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ቆሞ የማያውቅ ሰዓት በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ደግሞ ማግኔት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ድምፅ ማጉያ ወይም ማግኔት ያለው የስልክ መሸፈኛ አጠገብ ማደር ይበቃዋል። ለማግኔት ማስለቀቂያው መሣሪያ የደቂቃ ሥራ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ሰዓቱን “አዲስ” አያስመስሉት። አካሉን እስኪያብረቀርቅ ማስሞረድ፣ ገጹን እንደገና ማስቀባት የተለመደ ስህተት ነው። በንጉሡ ዘመን በስጦታ የተሰጡ፣ ዘውድ ወይም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው የስዊስ ሰዓቶች ዛሬ በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ፤ ተፈላጊ የሚያደርጋቸውም ያ የመጀመሪያው ገጽ ነው። የንጉሡ የራሳቸው የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቀርቦ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። የእርስዎ ቤት ሴኮ እዚያ አይደርስም። ሆኖም የወንድማማች ክርክር ለማስነሣት ሚሊዮን አያስፈልግም፤ የአባት ሰዓት ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ አባት በሕይወት ሳሉ ቢነገር ይሻላል።

ልጆች ባሉበት ቤት ሁለት ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። የመጀመሪያው በጨለማ የሚያበሩ ቁጥሮች ናቸው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ላይ ቁጥሩ የተቀባው ራዲየም ባለበት ቀለም ነበር። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይህን ቀለም ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች ታመው ሞተዋል። ቀለሙ ዛሬ ማብራት ቢያቆምም ጨረሩ አልቆመም፤ ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ ወደ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። መስታወቱ ተዘግቶ ሳለ ትልቁ ስጋት አይደለም። አደገኛው ተፍቆ የሚበነው ዱቄት ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ ቡናማ የሆነ ያረጀ ቀለም ያለበትን የዚያን ዘመን ሰዓት ቤት ውስጥ አይክፈቱ፣ አይፋቁ። ሁለተኛው የባለ ባትሪ ሰዓት ክብ ባትሪ ነው። ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ይችላል፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

አምቦ ለፍል ውሃ የሚሄድ ሰው ደግሞ የታደሰውን ሰዓት አውልቆ ይግባ። “ውሃ አይገባውም” የሚለው ጽሑፍ የተጻፈው ጎማው አዲስ ሳለ ነው፤ ሙቅ ውሃ ያረጀ ጎማ አይምርም።

ሰዓቱ ከተነሣ በኋላ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝተው ከስልክዎ ጋር ለአንድ ቀን ያስተያዩት። በቀን አንድ ደቂቃ ቢስት አይዘኑ፤ ከ1,440 ደቂቃ አንዷ ናት። ቀን የሚያሳይ መስኮት ካለው ሌሊት ከ3 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በእጅ አይቀይሩ፤ በውስጥ ቀን ቀያሪው ጥርስ ተያይዞ ስለሚቆይ ይሰበራል። በእኛ ቀን መሙላት የሚፈልጉም ይኖራሉ። ይቻላል፤ ግን መስኮቱ እስከ 31 ስለሚቆጥር በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ማሳለፍ ያስፈልጋል። ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ከ5 ወይም ከ6 ተነሥቶ መስከረም 1 እስኪመጣ ድረስ ደጋግሞ ማዞር ነው፤ ያንን ሥራ በእንቁጣጣሽ ጧት ለልጆቹ ይተዉላቸው።