አውቶሞቢል በፍጥነት ሲታጠፍ ሞተሩ ዘይት የሚያጣበት ምክንያትና መከላከያው

በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ ብዙ የመኪና መሽቀዳደሚያ ሜዳዎች፥ ውድድር በሌለበት ቀን፥ ባለ መኪና የሆነ ሁሉ ከፍሎ በገዛ መኪናው እንዲነዳ ይፈቀድለታል። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተውና የሰሜኑ ዙር ብቻ ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ በዚህ የታወቀ ነው። በእንደነዚህ ያሉ ቀኖች፥ ለመንገድ የተሠራ ጤነኛ ሞተር ዘይቱ ከልኩ ሳይጎድል በአንድ ረዥም ኩርባ ላይ በዘይት እጦት ተበላሽቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ነገሩ እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አለመቃረኑን ማስረዳትና መከላከያዎቹን በተራ ማቅረብ ነው።

በተራው ሞተር ዘይቱ የሚጠራቀመው ከሞተሩ ሥር በተገጠመው፥ የጋራዥ ሰዎች ኮፓ በሚሉት ገንዳ ውስጥ ነው። ከኮፓው ወለል አጠገብ የመምጠጫ ቱቦ አለ፤ ፓምፑ በዚህ ቱቦ ዘይቱን እየሳበ የፒስቶኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር ወደሚለውጠው ጠማማ ዘንግ፥ ማለት ወደ ኮሎው ይልካል። ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ኮሎውና አቅፈው የያዙት ብሮንዞች አይነካኩም፤ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን የሚኖረው ግን ፓምፑ ዘይት ሳያቋርጥ እስከ ላከ ድረስ ነው። መምጠጫው አየር የሳበ እንደ ሆነ ሽፋኑ ይበጠስና ብረት ከብረት ጋራ ይፋተጋል። በደቂቃ 6000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ 3 ሰከንድ በሚፈጅ ኩርባ ውስጥ 300 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

ታዲያ ዘይቱ ወዴት ሄደ? ፈሳሽ ነገር ፊቱን የሚያስተካክለው ለምድር ስበት ብቻ ሳይሆን በላዩ ላይ ለሚሠሩት ኀይሎች ድምር ነው። አውቶቡስ ሲታጠፍ ብርጭቆ ሻይ የያዘ ተሳፋሪ ይህን ያውቀዋል። ለምሳሌ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር፥ ማለት በሰከንድ 30 ሜትር የሚሄድ መኪና ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 90 ሜትር በሆነ ኩርባ ቢዞር፥ የ30 ካሬ 900 ለ90 ሲካፈል 10 ይሆናል፤ ይህም ከምድር ስበት፥ ከ9.8፥ ጋራ የሚተካከል ነው። በዚህ ጊዜ የዘይቱ ፊት 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ዘይቱም የኮፓውን ግድግዳ ይወጣና መምጠጫው በአየር ላይ ይቀራል። ደግሞም ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ፥ በአንድ ዐሥረኛ የጨመረ ነጂ ኀይሉን በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምረዋል።

ችግሩን የሚያብሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጎማ ነው፤ የዘወትር ጎማ ኀይሉ ሳይበረታ ይንሸራተታል፥ የውድድር ጎማ ግን መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ስለዚህ ኮፓውን ሳያስብ ጎማውን ብቻ የለወጠ ሰው አደጋውን በገንዘቡ ገዛ ማለት ነው። ሁለተኛው የኩርባው ርዝመት ነው። ወደ ቴስታታው የወጣው ዘይት በጎን ኀይል ተይዞ ቶሎ አይመለስም፤ ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ በተጋደሙበት እንደ ሱባሩ ባለ ሞተር ደግሞ በውጭው ወገን ቴስታታ ሊጠራቀም ይችላል። እንግዲህ አጭሩን ኩርባ በደኅና ያለፈ ሞተር ረዥሙን ላያልፍ ይችላል።

የመጀመሪያው መከላከያ ዘይቱን በደልዳላ ቦታ ለክቶ እስከ ላይኛው ምልክት መሙላት ነው። ከዚያ በላይ ማብዛት ግን መድኃኒት አይደለም፤ ኮሎው ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፥ አረፋም አየር ያለበት ስለ ሆነ ሸክም አይችልም። ሁለተኛው በኮፓው ውስጥ በመምጠጫው ዙሪያ ክፍልፋይ ማበጀት ነው፤ መዝጊያዎቹ ወደ ውስጥ ብቻ ስለሚከፈቱ ዘይቱ ይገባል እንጂ አይወጣም። ዋጋው ከሚያስገኘው ጥቅም ጋራ ሲመዛዘን ከዚህ የሚሻል የለም። ሦስተኛው በታመቀ አየር የሚገፋ ዘይት የያዘ ሲሊንደር መጨመር ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ያጠራቀመውን ዘይት ወደ ሞተሩ ይለቃል። አራተኛው ኮፓውን ባዶ ማድረግ ነው፤ ተጨማሪ ፓምፖች ዘይቱን ከሥር እየጠረጉ ወደ ረዥምና ጠባብ በርሜል ይልኩታል፥ በዚያም ቢያዘነብል እንኳ ከታች ያለው መውጫ አይራቆትም። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል፥ በ1964 የጀመረው ፖርሽ 911፥ የ2006 ሞዴሉ ኮርቬት ዜድ 06 ይህን ይዘው ከፋብሪካ ወጥተዋል። ዋጋው ግን ከሁሉ ይከብዳል።

ከነዚህ ሁሉ ጋራ የግፊት መለኪያ ያስፈልጋል። ከፋብሪካ የሚመጣው ቀይ መብራት የሚበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ስለ ሆነ ከጉዳቱ ቀድሞ አይናገርም። በልማድ ለያንዳንዱ 1000 ዙር 0.7 ባር ያህል ይፈለጋል፤ ስለዚህ በ6000 ዙር 4 ባር ገደማ መሆን አለበት። መርፌው በኩርባ ላይ ከወደቀ ነጂው ነዳጁን ቀንሶ መውጣት እንጂ ሌላ ዙር መሞከር የለበትም።

ጉዳዩ የአንድ ባለ መኪና የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብሮንዙ ሲያልቅ ፒስቶኑን ከኮሎው ጋራ የሚያያይዘው ቢየላ ተሰብሮ የሞተሩን አካል ሊበሳ ይችላል፤ ዘይቱም በኩርባው ላይ ይፈስና ከኋላ የሚመጣው ሰው በፍጥነት ይደርስበታል። የመለኪያው ብረት መኪናው በቆመበት ስንት ዘይት እንዳለ ይነግረናል፤ በኩርባው ላይ ዘይቱ የት እንዳለ ግን አይነግረንም። ወደ ሜዳ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።