ባሱ የት ይቀመጥ? የድምፅ ሣጥንና የገመድ ነገር በየካ ቤቶች

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ አቀበት በተጠጉት የጭቃ ቤቶች ውስጥ ሶኬት እንደ ልብ አይገኝም። በኮተቤ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ሶኬቱ ቢበረክትም ገመድ ለማሳለፍ ኮንክሪት መብሳት አለ። ሰው «ባስ» የሚለው ሰብዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሣጥን፣ ግን ከሁለቱም ቤት ገብቷል።

ደግነቱ፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ በቀላሉ አይለይም። አንድ ሣጥን ለግራውም ለቀኙም ይበቃል፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር መቀመጥም ግዴታው አይደለም።

አምፕሊፋየሩ የባስ መውጫ ካለው አንድ ቀጭን ገመድ ነገሩን ይጨርሰዋል። የሚያስቸግረው የሌለው ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ ሸክላ ያሳትም በነበረበት ዘመን የተገዙ አምፕሊፋየሮች ለስፒከር ካልሆነ ለባስ የተለየ መውጫ የላቸውም። ለእነዚህ የስፒከር ሽቦ የሚቀበል ባስ መፈለግ ነው። መግቢያው ከአምፕሊፋየሩ የሚስበው ኃይል ኢምንት ስለሆነ ስፒከሮቹ እንደ ድሮው ይሠራሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚመረጠው ይህ ነው፤ ገመዱ ርካሽ ነው፣ በግድግዳው ሥር ተለጥፎም ይሄዳል። የስፒከር ሽቦን በቀይና ነጭ ገመድ መግቢያ ላይ ማሰር ግን ዕቃ ማቃጠል ነው።

ገመድ ፈጽሞ የማይገባበት ቤት ብሉቱዝን ይመኛል። ብሉቱዝ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ በዚያ ጊዜ ድምፅ 34 ሜትር ይጓዛል፣ ማለትም ባሱ ጎረቤት ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ከዘፈኑ ወደ ኋላ ይቀራል። ለባስ ተብለው የተሠሩት ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ አስተላላፊና ተቀባይ ይሻላሉ። ባሱ ሶኬት መፈለጉ ግን አይቀርም።

በገመድ ላገናኘ ደግሞ ጉምጉምታው ይመጣል። መብራታችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ባሱና አምፕሊፋየሩ ከተለያየ ሶኬት ሲነሡ ያ 50 ኸርዝ በገመዱ ገብቶ ሊጮኽ ይችላል። ሁለቱን ከአንድ ዲቫይደር ማብራት ብዙ ጊዜ ያስታግሠዋል። የመሬት ሽቦውን የሚቆርጡ ሠራተኞች አሉ፤ ጩኸቱ ጠፍቶ ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘውስ?

ከፍ ባለ ቦታ ስለምንኖር አየሩ ስስ ነው፣ ዕቃም በደንብ አያቀዘቅዝም። ባሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ማፈን አይበጅም።

ስለ ቦታው፦ የባስ ጊታር ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ያህል ነው፤ ሞገዱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፣ ከብዙ ሳሎንም ይረዝማል። ኮንክሪት መልሶ ስለሚያስተጋባው አንዱ ጥግ ያገሣል፣ መሐሉ ባዶ ይሆናል፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤትም ሳይወድ ያዳምጣል። ከሣጥኑ ሥር ስፖንጅ ማንጠፍ ንዝረቱን ብቻ ይቀንሳል። መላው ባሱን በሚቀመጡበት ሶፋ ላይ አድርጎ አንድ ዘፈን ከፍቶ ክፍሉን መዞር ነው፤ ድምፁ ጥርት ያለበት ቦታ የሣጥኑ ቦታ ይሆናል። እዚያ ሶኬት ካልደረሰ ቀጥሎ ደህና የሆነውን ይዞ፣ የባሱን የፌዝ (የሞገድ አቅጣጫ) መቀያየሪያ 0 እና 180 ላይ እያደረጉ ባሱ ሞላ የሚልበትን መምረጥ ነው።