ቆርቆሮ ሳይበሱ ሶላር ማጣበቅ፤ ለንፋስ መውጫ ጣሪያ ያዋጣል?

የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ከወልዲያ በደብረ ታቦር በኩል ወረታ በሚያደርሰው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ሶላር ገዝቶ ጣሪያው ላይ ለሚያሰቅል ሰው ከዋጋው ሌላ ሁለት ነገር ያሳስባል፤ ነፋሱ ፓነሉን እንዳይነቅለው፣ ክረምት ሲገባም በምስማሩ ቀዳዳ ዝናብ እንዳይገባበት።

ቆርቆሮውን ሳይበሱ ፓነሉን የማጣበቅ ሐሳብ የሚስበው በዚህ ምክንያት ነው። ዘዴው «ኢንዳክሽን» በሚባለው የማሞቂያ ስልት ይሠራል። በመዳብ ጥቅል ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ሲያልፍ፣ አጠገቡ ያለው ብረት ውስጥ ሌላ ኤሌክትሪክ ይሽከረከራል፤ ብረቱም ከራሱ ውስጥ ይሞቃል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ሕግ ነው። የኢንዳክሽን ምድጃ ድስቱን የሚያሞቀውም በዚሁ ነው። እንጨት፣ መስተዋትና ፕላስቲክ ግን በዚህ አይሞቁም። ስለዚህ መሣሪያው ከላይ ሲቀመጥ ሙቀቱ ከሥር ካለው ብረት ይነሣና በመካከል ያለውን ማጣበቂያ ያቀልጠዋል፤ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ይያያዛሉ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ዘዴው የሚታወቀው በትልልቅ መጋዘኖች ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ነው። ማጣበቂያ የተቀቡ የብረት ሳህኖች በብሎን ይታሰራሉ፣ የፕላስቲክ ልባስ ይነጠፍባቸዋል፣ ከዚያም ልባሱ ሳይበሳ ከሳህኖቹ ጋር ይጣበቃል። ኦኤምጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ራይኖቦንድ» እያለ የሚሸጠው ይህንኑ ነው። ስስና ተጣጣፊ የሆነ ሶላርም በመርሕ ደረጃ በዚሁ መንገድ በብረት ላይ ሊጣበቅ ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቆርቆሮው ነው። የአገራችን ቆርቆሮ ሸንተረር ስላለው ጠፍጣፋ ፓነል የሚነካው ጉብታውን ብቻ ነው። ኢጋ የሚባለው ቆርቆሮ ይሻላል፤ ቢሆንም በጉብታዎቹ መካከል ያለው ሜዳ ጠባብ ነው። ሌላው ውፍረቱ ነው። ገዢ እንደሚያውቀው የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ጌጅ የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ስስ ብረት በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ ሠራተኛው ከዘገየ ከዝገት የሚከላከለው የዚንክ ልባስ ይጎዳል። ፓነሉ ውስጥ ያሉት የብረት መስመሮችም ስለሚግሉ መጣበቅ ያለበት ሕዋስ የሌለበት ጠርዙ ብቻ ነው። መሣሪያው ራሱም ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ለመብራት የተገዛ የቤት ሶላር አይችለውም።

ከሁሉም የሚብሰው ግን የነፋሱ ሒሳብ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚያ ከፍታ በካሬ ሜትር 17 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል። አየሩ ስስ በመሆኑ ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ይህ ለከተማዋ ጥቂት እፎይታ ነው። ሆኖም 2.6 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን ትልቅ ፓነል ፊት ለፊት ቢያገኘው ግፊቱ 45 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ማጣበቂያው የቱንም ያህል ቢጠነክር ይህን ኃይል ለቆርቆሮው ያስረክባል እንጂ አያጠፋውም። ቆርቆሮውን የያዘው የባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመታ ምስማር ነው፤ እሱ ከላላ ፓነሉና ቆርቆሮው ተያይዘው ይሄዳሉ።

ገበያውም ቢሆን ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ ቸር አልነበረም። በብረት ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ ሶላር ይሠራ የነበረው የአሜሪካው ዩኒ ሶላር፣ የቻይና የመስተዋት ፓነል ዋጋ ሲወድቅ መቋቋም አቅቶት እናት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። ጠፍጣፋ ጣሪያ በሞላበት አገር እንኳ ርካሹ ፓነልና ብሎኑ አሸነፉ ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ በሚወሰንበት በእኛ አገር፣ ለጥቂት ቤቶች ብሎ መሣሪያውን በዶላር የሚያስመጣ ነጋዴ ትርፉ አይታይም። ዘዴው የሚያዋጣ ከሆነ የሚያዋጣው ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ፣ በጠፍጣፋ ላሜራ ላይ አስቀድሞ ለማጣበቅ ነው።

እስከዚያው የንፋስ መውጫ ገዢ ገንዘቡን ማገሩን በማጠናከርና በጥሩ ብሎን ላይ ቢያውለው ይሻላል። ብሎኑ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ሳይሆን በጉብታው በኩል ይገባል፣ የጎማ ሮንዴላ ይደረግለታል፣ እስከ እንጨቱ ይዘልቃል። ፓነሉ ከጣሪያው ጫፍና ከአናቱ ራቅ ብሎ፣ ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ ለቆርቆሮው ቀረብ ብሎ ይታሰራል፤ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ግን ያስፈልገዋል።